የማይሸነፍ ጭራቅ ለምን አያስፈራም?

ጥያቄ፦ «በ2002 የወጣውን ‹ጃኒ ዱሽማን፦ ኤክ አኖኪ ካሃኒ› የተባለ የህንድ አስፈሪ ፊልም ከቤተሰቤ ጋር አየሁት። አክሻይ ኩማር፣ ሳኒ ዴዎል፣ ሱኒል ሼቲ፣ ማኒሻ ኮይራላ ሁሉም አሉበት። ልጆቼ ግን ከመፍራት ይልቅ ከት ብለው ሲስቁ አመሹ። ይህን ያህል ኮከብ የተሰበሰበበት ፊልም እንዴት እንዲህ ይወድቃል? ገንዘብ አንሶት ነው? ዘፈኑ በዝቶ ነው? ወይስ የህንድ አስፈሪ ፊልም ሁሉ እንዲህ ነው?»

ምላሽ፦ ለሦስቱም ግምቶችዎ አጭሩ መልስ «አይደለም» የሚል ነው። ፊልሙን ገንዘብ አልጎዳውም፤ ዘፈንም አልገደለውም፤ የህንድ አስፈሪ ፊልም ሁሉ እንዲህ ነው ማለት ደግሞ ዘርፉ ካፈራቸው ጥሩ ሥራዎች አንጻር ግፍ ይሆናል። በአርትዖትና በስክሪፕት ግምገማ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፍበት ጉድለት አንድ ነው፤ ጭራቁ ገደብ የለውም። ይህ ካሜራ ከመነሳቱ በፊት ገና ስክሪፕቱ ሲጻፍ የተሠራ ስህተት ነው፤ ልጆችዎን ያሳቀው ኢፌክት (በዘዴ የተሠራው የፊልም ማታለያ) ጭምር፣ ሌላው ድክመት በአብዛኛው ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምጠቅስ መሆኔን አስቀድሜ ልናገር።

ፊልሙን ላላዩ አንባቢዎች ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። በህንድ ተረት ውስጥ ዕድሜ የጠገበ እባብ እንደ ፈቃዱ የሰው መልክ ሊይዝ እንደሚችል ይነገራል። ካፒል እንዲህ ያለ እባብ ነው፤ ፍቅረኛው ቫሱንዳራ በአንድ ባሕታዊ እርግማን ሳቢያ ትሞትና ከረጅም ዘመን በኋላ ዲቪያ የተባለች የኮሌጅ ተማሪ ሆና ዳግም ትወለዳለች። ባሕታዊውን ሆኖ የሚጫወተው አምሪሽ ፑሪ ነው። ዲቪያን ሁለት ተማሪዎች ሊደፍሯት ይሞክራሉ፤ የቀሩት ጓደኞቿም በነገሩ ያሉበት ስለሚመስላት ራሷን ታጠፋለች፤ ካፒልም ጓደኛሞቹን አንድ በአንድ እያደነ ሊበቀልላት ይነሳል። ታሪኩ ብቻውን ሲነገር መጥፎ አይደለም። በቀል አለ፣ እርግማን አለ፣ ባልሠሩት ወንጀል የተፈረደባቸው ንጹሐን አሉ፤ ጎበዝ አዘጋጅ ከዚህ ብዙ ሊያወጣ ይችላል።

አሁን ይህ ካፒል ምን ማድረግ እንደሚችል ያስቡ። የፈለገውን ሰው መልክ ይይዛል፤ የትም ቢሸሹት ይደርሳል፤ ቢመቱት አይደክምም፤ ቢጎዳም መልሶ ይነሳል። ፊልሙ ይህን ሁሉ የሚያሳየው ደግሞ በሆሊውድ የምናውቃቸውን የማይሞቱ የብረት ገዳዮች በሚያስታውስ አኳኋን ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ኃይሉ በበዛ ቁጥር ፍርሃቱም የሚጨምር ይመስላል። በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ካፒል በአንድ ሰው ፊት በቆመ ቁጥር ተመልካቹ መጨረሻውን ያውቀዋል፤ ሰውየው ይሞታል። መቼና እንዴት የሚለው ብቻ ይቀራል፤ «እንዴት» የሚለው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በኢፌክቱ ላይ ይወድቃል። ኢፌክቱ ሲያስቅ ትዕይንቱ የሚደገፍበት ሌላ ምሰሶ የለውም።

አስፈሪ ትዕይንት በአርትዖት ጠረጴዛ ላይ ሲታይ በአመዛኙ ከመጠበቅ የተሠራ ነገር ነው። ተመልካቹ አንድ ሕግ ያውቃል እንበል፦ በሩ እስከተዘጋ ድረስ ውስጥ ያለው ሰው ደኅና ነው። ከዚያ ትንሹ ልጅ ወደ በሩ ሲሄድ እናያለን፤ ቀጥሎ እጀታው ይታያል፤ ቀጥሎ በሌላ ክፍል ምንም ሳታውቅ ልብስ የምታጥፍ እናቱ ትታያለች፤ እንደገና እጀታው። ኤዲተሩ ይህን ሁለት ደቂቃ ሊያራዝመው ይችላል፤ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል እንጂ አይሰለችም። ሕጉን ያውጡትና ያው ቀረጻ ልጅ ወደ በር የሚሄድበት ተራ ምስል ይሆናል። ያኔ ኤዲተሩ ያለው አማራጭ ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ማስገባት ብቻ ነው፤ ያም ማስደንገጥ ነው፣ ድንጋጤ ደግሞ በሦስት ሰከንድ ያልፋል። ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያልፍ ፊልም ውስጥ በድንጋጤ ብቻ መዝለቅ አይቻልም።

የሚገርመው አዘጋጁ ራጅኩማር ኮህሊ ይህን የማያውቅ ሰው አለመሆኑ ነው። በ1976 «ናጊን» የተባለውን ፊልም ሠርቶ ትልቅ ገበያ አግኝቷል፤ የ2002ቱ ፊልም አጽም ከዚያው የተወሰደ ነው፣ ጾታው ብቻ ተገልብጧል። በ«ናጊን» ጂቴንድራ የሚጫወተው ወንዱ እባብ በጥይት ይሞታል፤ ሪና ሮይ የምትጫወታት ፍቅረኛው የገዳዮቹን መልክ በሟቹ ዓይን ውስጥ ተቀርጾ ታየዋለች፤ ከዚያም ጓደኛሞቹን አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች። ሱኒል ዳትን፣ ፌሮዝ ካንን፣ ሳንጄይ ካንን፣ ቪኖድ ሜህራንና ካቢር ቤዲን በአንድ ላይ የያዘ ፊልም ስለነበር «ኮከብ ስለበዛ ተበላሸ» የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ልዩነቱ ያለው በአንገት ጌጥ ላይ ነው። የ«ናጊን» ጓደኛሞች «ኦም» የሚለው ቅዱስ ምልክት ያለበት መከላከያ ይሰጣቸዋል፤ ያ በአንገታቸው ላይ እስካለ ድረስ እባቧ ልትነካቸው አትችልም። ክታብ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻኝም። ይህች ትንሽ ነገር ግን ፊልሙን በሙሉ ትሸከመዋለች፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ «በምን ዘዴ ታስወልቀዋለች?» በሚል ጥያቄ የተያዘ ነው። እባቧ በጉልበት ስለማይሆንላት በብልሃት ትሄዳለች፤ ሰውየው የሚወዳትን ሴት መስላ ትቀርባለች፤ ተመልካቹም እቅፍ ባየ ቁጥር ዓይኑን ከፊታቸው አንስቶ ወደ አንገት ማሰሪያው ይልካል። የፊልሙ ኢፌክት ዛሬ ሲያዩት የሕፃን ጨዋታ ነው፤ እባቡ በግልጽ ሰው ሠራሽ የሆነበት ጊዜ አለ። ሆኖም ማንም እባቡን አያይም፤ ክታቡን ነው የሚያየው።

ይኸው አዘጋጅ በ1979 ደግሞ «ጃኒ ዱሽማን» የሚለውን ስም መጀመሪያ የተሸከመውን ፊልም ሠራ። ከ2002ቱ ጋር በስም እንጂ በታሪክ አይገናኝም። እዚያ ያለው ጭራቅ ፀጉራም አውሬ ሲሆን የሚነሳው ቀይ የሙሽራ ልብስ ሲያይ ነው፤ በመንደሩ ውስጥ በቀን እንደ ማንኛውም ሰው የሚኖር ሰው ነው፣ ማን እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አይታወቅም። ማንነቱን እኔም አልናገርም፤ ፊልሙን ገና የሚያየው ሰው ሊኖር ይችላል። ዋናው ነገር እንደገና ገደብ መኖሩ ነው፦ ሙሽራ፣ ቀይ ልብስ፣ በጉዞ ላይ። ሰርግ በደረሰ ቁጥር ተመልካቹ ሳይነገረው መፍራት ይጀምራል።

የዘፈን ጥያቄዎም እዚህ ላይ ይመለሳል። በዚያ ፊልም ውስጥ ተሸካሚዎች ሙሽራዋን በመጋረጃ በተሸፈነ መቀመጫ በትከሻቸው ይዘው ወደ ባሏ ቤት ሲያጓጉዟት መሐመድ ራፊ የሚያዜመው የስንብት ዘፈን አለ። በሌላ ፊልም ቢሆን ዓይን የሚያረጥብ የሰርግ ዘፈን ብቻ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ሙሽራዋ እንደማትደርስ የጠረጠረ ተመልካች ያንኑ ዜማ በጭንቀት ይሰማዋል፤ ዘፈኑ ባይኖር ጉዞው አጭር፣ ፍርሃቱም ቀላል በሆነ ነበር። በአንጻሩ ራም ጎፓል ቫርማ በ2003 «ቡት» የተባለውን ፊልም በታሪኩ ውስጥ አንድም ዘፈን ሳያስገባ ሠርቶ ተሳክቶለታል። ስለዚህ ዘፈን ብቻውን አያድንም፣ ብቻውን አይገድልም። የ2002ቱ «ጃኒ ዱሽማን» ዘፈኖች ችግራቸው ከታሪኩ ላይ ምንም አለመጨመራቸው ነው፤ ቢወጡ የሚጎድል ነገር የለም።

ታዲያ ሁለት ጊዜ በትክክል የሠራ አዘጋጅ በዚህኛው እንዴት ሳተው? ከዚህ በታች የምለው የእኔ ንባብ ነው፤ ፊልሙ ራሱ ግን በደንብ ይደግፈዋል። ካፒልን የሚጫወተው አርማን ኮህሊ የአዘጋጁ ልጅ ነው። አባቱ በ1992 «ቪሮዲ» በተባለ ፊልም ለሕዝብ አስተዋወቀው፤ ቀጥለው የመጡት ፊልሞች ግን ወደ ኮከብነት አላደረሱትም። በ2002 አባት ልጁን እንደገና ለማስነሳት ሲነሳ የሰጠው ሚና የጭራቁን ነበር፤ እዚህ ላይ ሁለት የማይታረቁ ፍላጎቶች ተጋጩ። ጭራቅ ፍርሃት እንዲፈጥር ደካማ ጎን ያስፈልገዋል፤ ወደ ገበያ የሚመለስ መሪ ተዋናይ ደግሞ፣ ቢያንስ በዚያ ዘመን የሂንዲ ሲኒማ ልማድ፣ ደካማ ጎኑ አይታይም። ግርማ ባለው ሙዚቃ ይገባል፣ በዝግታ ይራመዳል፣ ሁሉንም ይደበድባል። ክታብ የሚፈራ መሪ ተዋናይ ለማስተዋወቅ አይመችም። በመሆኑም ካፒል ጭራቅነቱን በስም ይዞ በተግባር የድርጊት ፊልም ጀግና ሆነ።

ከወዲያ ማዶ የቆሙት ሰዎች ማንነት ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ሳኒ ዴዎልና አክሻይ ኩማር በቡጢያቸው የታወቁ፣ አድናቂዎቻቸው ሲሸነፉ ማየት የማይወዱ ተዋናዮች ናቸው። ስለዚህ ፊልሙ በየመሃሉ መንፈስና ሰው የሚቧቀሱበት ረጅም ግብግብ ይሆናል፤ አንዱ ሊሞት አይችልም፣ ሌላው በቶሎ እንዲሞት አይፈለግም። መንፈስ ጋር ቡጢ መግጠም የተቻለበት ታሪክ ውስጥ ፍርሃት ምን ቦታ ይኖረዋል? ልጆችዎ የሳቁት በትክክለኛው ቦታ ይመስለኛል።

የጓደኛሞቹ ብዛትም መጠቀስ አለበት፤ ኮከብ መብዛቱ በራሱ ጥፋት ባይሆንም አጠቃቀሙ ጥፋት ሆኗል። በ«ናጊን» እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቤት፣ የራሱ ሴት፣ የራሱ ድክመት ስላለው ሲሞት የሚሞተው እርሱ ነው። በ2002ቱ ፊልም ዘፋኙን ሶኑ ኒጋምን ጨምሮ የተሰለፉት ወጣቶች በጥቂት ቀልድና በአንድ ዳንስ ተዋውቀውን ወደ ሞት ይሄዳሉ። «ወጣቶች» ያልኩት በፊልሙ ቋንቋ ነው፤ ከኮሌጅ ጓደኛሞቹ አንዱ የሆነው ሱኒል ሼቲ ያኔ ዕድሜው ከ40 አልፎ ነበር። ተመልካች ይህን በሂንዲ ፊልም ውስጥ በቸርነት ማለፍ ይችላል፣ ሁላችንም ስናልፍ ኖረናል፤ በአስፈሪ ፊልም ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ልንፈራለት የሚገባን ሰው መጀመሪያ እውነተኛ ሰው መምሰል አለበት።

ከዚህም የባሰው የስሜት ግራ መጋባት ነው። ካፒል ፍቅሩን የተነጠቀ ሐዘንተኛ ነው፤ ፊልሙም እንድናዝንለት ይለምነናል። የሚገድላቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ንጹሐን መሆናቸውን እኛ እናውቃለን። ይህ ዕውቀት ትልቅ ሀብት ነበር፦ እርሱ የማያውቀውን እኛ እያወቅን «ቆይ፣ ተሳስተሃል» እያልን ማየት እንችል ነበር። ፊልሙ ግን ስህተቱን የሚያስተውልበትን ዕድል በየትዕይንቱ ከማቅረብና ከማሳለፍ ይልቅ ወደ ቀጣዩ ግድያ ይሮጣል። በዚህም ለማን እንደምንፈራ፣ ለማን እንደምናዝን ሳናውቅ እንቀራለን።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ጉዳዩ የገንዘብ እንዳልሆነ የሚያሳየው ጥሩ ማስረጃ በዚያው በ2002 የወጣው የቪክራም ባት «ራዝ» ነው። መሪ ተዋናዮቹ ቢፓሻ ባሱና ዲኖ ሞሪያ ገና ጀማሪዎች ነበሩ፤ ታሪኩም ከአንድ የአሜሪካ ፊልም ብዙ የተዋሰ ነው፤ ሆኖም የዓመቱ ትልልቅ ስኬቶች መካከል ገባ። ባልና ሚስት፣ አንድ ቤት፣ ባልየው የሚደብቀው አንድ ምስጢር፤ መንፈሷ የምትፈልገው ነገርም የታወቀ ነው። ይኸው በቃ።

ገንዘብ በእውነት ያልነበራቸው ደግሞ ራምሴ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ኤፍ ዩ ራምሴ በካራቺ የራዲዮ ሱቅ የነበረው ሰው ሲሆን ከ1947ቱ የህንድና የፓኪስታን ክፍፍል በኋላ ወደ ቦምቤይ መጥቶ ወደ ፊልም ሥራ ገባ፤ ሰባት ወንዶች ልጆቹ ጽሑፉን፣ ቀረጻውን፣ ድምፁን፣ አርትዖቱንና ዝግጅቱን ተከፋፍለው ይሠሩ ነበር። በ1972 ባወጡት ፊልም የጀመሩት መንገድ በ1984 «ፑራና ማንዲር» ላይ ከፍታው ደረሰ። እዚያ ሳምሪ የተባለው ክፉ ሰው አንገቱ ይቆረጣል፤ ራሱ በሣጥን ተቆልፎ በአንድ ቤት፣ አካሉ በሌላ ቦታ ተቀብሮ ይቀመጣል፤ ሁለቱ እስካልተገናኙ ድረስ አይነሳም። ሳምሪ ከመሞቱ በፊት የፈረደበትን መስፍን ዘር ረግሟል፤ ከዚያ ቤት የተወለደች ሴት ሁሉ በምጥ ትሞታለች። በእነዚህ ሁለት ሕጎች ላይ ጭጋግ፣ የሻማ ብርሃንና የጎማ ጭንብል ተጨመረና ፊልሙ ሰው አስፈራ። ፍጹም ነው አልልም፤ በመሃል የሚገባው የኮሜዲ ክፍል ዛሬ ትዕግሥት ይፈትናል። ሣጥኑ በታየ ጊዜ ግን ማንም አይስቅም።

ገደብን መርሳት ደግሞ የኮህሊ ብቻ ችግር አይደለም። ከላይ በበጎ ያነሳሁት ራም ጎፓል ቫርማ በ2012 «ቡት ሪተርንስ» የተባለ ባለ ሦስት ገጽታ (3ዲ) ፊልም አወጣ፤ ከመጀመሪያው የወረሰው ስሙን እንጂ ታሪኩን አይደለም። አንድ ቤተሰብ አዲስ ቤት ይገባል፤ ትንሿ ልጅ ሌላ ሰው ከማያያት ጓደኛ ጋር ታወራለች። ያቺ የማትታይ ጓደኛ ምን እንደምትፈልግና ምን እንደሚያቆማት በቅጡ ስለማይገለጽ አዘጋጁ ክፍተቱን ባልተለመደ የካሜራ አቅጣጫና ጆሮ በሚያደነቁር ድምፅ ሊሞላው ይሞክራል። ማኒሻ ኮይራላ እዚህም አለች፤ በሁለቱም ፊልም የምትችለውን አድርጋለች፣ ስክሪፕቱ ግን አልረዳትም።

የተሻለ ነገር ማየት ከፈለጉ ከቤተሰብ ጋር በ2018 የወጣው «ስትሪ» ይቀላል። ሌሊት ወንዶችን የምትወስድ መንፈስ አለች፤ በየደጃፉ «ነገ ነይ» ተብሎ ከተጻፈ አንብባ ትመለሳለች፤ በማግስቱም መጥታ ያንኑ ታነባለች። በካርናታካ ክልል ሰዎች በእውነት በሮቻቸው ላይ ይጽፉት ከነበረ ተመሳሳይ ልማድ የመጣ ሐሳብ ነው። ፊልሙ ሆን ብሎ ያስቃል፤ ያም ሆኖ በደጃፉ ላይ ያለው ጽሑፍ የተነካ ዕለት ተመልካቹ ወዲያው ዝም ይላል። ለታዳጊዎች የማይመቹ ጥቂት ቀልዶች ስላሉት ቀድመው ቢያዩት ይሻላል።

ብቻዎን ወይም ከአዋቂዎች ጋር ከሆነ በዚያው ዓመት የወጣውን «ቱምባድ» ይምረጡ። ዝናብ በማያባራበት የማሃራሽትራ መንደር ውስጥ ሃስታር የተባለ፣ ወርቅ ያለው ግን እህል የተከለከለ አምላክ አለ። ወርቁን ለመስረቅ ጉድጓድ ወርዶ በዙሪያ ዱቄት መበተን ያስፈልጋል፤ ክቡን ሊያልፍ አይችልም። ከዚያ ከሊጥ የተሠራ አሻንጉሊት ይሰጡታል፤ እርሱ ርቦት ያን ሲበላ ሌባው እጁን ወደ ወገቡ ልኮ ሳንቲሞቹን ይዘርፋል። አሻንጉሊቱ ሳያልቅ መውጣት አለበት። ፊልሙ ይህን በዝርዝር ያስተምረናል፤ ካስተማረን በኋላ የሚመጣው ትዕይንት ሁሉ የሊጡን ማለቅ እያየን የምንጨነቅበት ነው። አንድ ሰው በስስት ተነሳስቶ ከሥርዓቱ አንዱን ነገር ሊለውጥ ሲያስብ ምን እንደሚሆን ሳልነግርዎት ልለፍ።

ከሂንዲ ውጭ ለመውጣት ፈቃደኛ ከሆኑ የ2024ቱን «ብራማዩጋም» እጨምራለሁ፤ በማላያላም ቋንቋ፣ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሽሽት ላይ ያለ ዘፋኝ ወደ ፈራረሰ ቤት ይገባል፤ የቤቱ ጌታ ምግብ ይሰጠዋል፣ የዳይስ (የሚወረወር ባለ ነጥብ ጠጠር) ጨዋታ ይጋብዘዋል፣ ቁማሩም በዘፋኙ ቀሪ ጊዜ ላይ ነው። ሦስት ሰው ብቻ በብዛት በሚታይበት በዚህ ፊልም ውስጥ የቤቱን ጌታ የሚጫወተው ማሙቲ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ነው የሚናገረው። በሌላ ቋንቋ ድምፅ ከተተካበት ቅጂ ይልቅ ዋናውን ከግርጌ ጽሑፉ ጋር ይፈልጉት፤ ያ ድምፅ ሲቀየር ከፊልሙ ብዙ ነገር አብሮ ይሄዳል።